ረሃብ የማን ሥራ ነው? ሚኪ ሌላንድና ሕግ ማውጣት የማይችለው ኮሚቴ

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ፍልሰታ የገባበት ዕለት። ክረምቱ በርትቷል፣ የምዕራቡ ሰማይ በደመና ተዘግቷል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት የሆነች አንዲት ትንሽ ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰው ይዛ ከቦሌ ተነሳች። መድረሻዋ ጋምቤላ ውስጥ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው የፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ነበር። ሳትደርስ ቀረች።

ከተሳፋሪዎቹ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዘጠኙ አሜሪካውያን ናቸው። ከአሜሪካውያኑ አንዱ ሚኪ ሌላንድ ይባላል። የቴክሳስ ሰው ነው፣ ከሂውስተን ከተማ የተመረጠ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል። ዕድሜው 44 ነበር።

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የተነሳሁት በአሟሟቱ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ሥልጣኑ ማነሱ ነው። ሚኒስትር አልነበረም። ሴናተር አልነበረም። ለፕሬዚዳንትነትም አልተወዳደረም። 435 አባላት ካሉት ምክር ቤት አንዱ ነው። የሚመራውም የረሃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሕግ የማርቀቅ መብት አልነበረውም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የአሜሪካን መንግሥት ስለ ረሃብ እንዲያስብ ያስገደደው? ይህን ለመረዳት የሰውየውን ሕይወትና የአሜሪካን ምክር ቤት አሠራር አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ነው። ሚኪ የሚለው በኋላ የወጣለት ነው፤ እሱው ቀረ። የተወለደው በኅዳር ወር 1944 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው) ለቦክ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ነው። ያደገው ግን ሂውስተን ውስጥ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የድሆች ጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቱ ጥሎ ሄዷል። እናቱ እየሠራች፣ ጎን ለጎን ተምራ መምህርት ሆነች። እሷና አያቱ ናቸው ያሳደጉት። የተማረው ፊሊስ ዊትሊ በሚባለው የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፋርማሲ ተምሮ በ1970 ተመረቀ። እዚያው ትንሽ ጊዜ አስተማረ። ጊዜው የጥቁሮች የመብት ትግል የጋለበት ነበር። ሌላንድም ተማሪ ሳለ ሰልፍ ይወጣል፣ ከፖሊስ ጋር ይጋፈጣል። ቀስ እያለ ግን ጩኸቱን ወደ ሙያው አመጣው። ጓደኞቹን አሰባስቦ በድሆች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ የጤና ምርመራ ማድረግ ጀመረ። ያገኛቸው አብዛኞቹ ሐኪም ቤት ሄደው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለ ሌላንድ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይሄ ነው፦ በር የሚያንኳኳ ወጣት ፋርማሲስት።

ወደ ፖለቲካ የገባበትን በር ደግሞ የከፈተለት የምርጫ አሠራር ለውጥ ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አሥር ቀበሌ ያለው አንድ ትልቅ ወረዳ አስቡ። ወረዳው አሥር ተወካይ ይመርጣል። አሥሩን ወንበር በሙሉ የሚመርጠው የወረዳው ሕዝብ ሁሉ ቢሆን፣ በቁጥር የሚበልጠው ወገን አሥሩንም ይወስዳል። ሁለቱ ቀበሌዎች ሙሉ በሙሉ የድሆች ቢሆኑ እንኳ አንድ ሰው አያገኙም። እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን አንድ ተወካይ ይምረጥ ከተባለ ግን የድሆቹ ሁለት ቀበሌዎች ሁለት ሰው ይልካሉ። ሕዝቡ ያው፣ ድምፁ ያው። የተለወጠው የተሰመረው መስመር ብቻ ነው።

ሂውስተን ላይ የሆነው ይህ ነው። ለቴክሳስ ምክር ቤት በጅምላ ይደረግ የነበረው ምርጫ ቀርቶ በ1972 ከተማዋ ባለ አንድ ወንበር ክልሎች ሆና ተከፋፈለች። በዚያው ዓመት ሚኪ ሌላንድ ተወዳደረና አሸነፈ። ክሬግ ዋሽንግተንና ሴንፍሮኒያ ቶምፕሰን የሚባሉ ሌሎች ጥቁር ተመራጮችም አብረውት ገቡ። ጸጉሩን አፍሮ አጎፍሮ፣ ዳሺኪ የሚባለውን የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ኦስቲን ወደሚገኘው የቴክሳስ ምክር ቤት ሲገባ ብዙዎቹ ነጭ አባላት ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። እሱ ግን የመጣው ለሥራ ነው። ሙያው ፋርማሲ አይደል? ድሃው ውድ የሆነውን ባለ ስም መድኃኒት ትቶ፣ ያንኑ የሚያድነውን ርካሹን ጀነሪክ መድኃኒት እንዲያገኝ የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ ታገለ። ዛሬ ፋርማሲ ሄደን «ጀነሪኩ ይሁንልኝ» ማለት ቀላል ነገር ነው። ያኔ የሕግ ጉዳይ ነበር።

ስድስት ዓመት በቴክሳስ ምክር ቤት ቆየ። ከዚያ ባርባራ ጆርዳን ለዋሽንግተን መቀመጫዋ በ1978ቱ ምርጫ እንደማትወዳደር አስታወቀች። ባርባራ ጆርዳን ማለት ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባስወረደው የዋተርጌት ቅሌት ጊዜ፣ በ1974፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ ተናግራ አገሩን ያስደመመችው ሴት ናት። እሷም የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ናት፤ የተማረችውም እዚያው ፊሊስ ዊትሊ። ሌላንድ ወንበሯን ተወዳድሮ ወሰደ። አንድ ድሃ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት የምክር ቤት አባል በተከታታይ።

እዚህ ላይ ስለዚያ ወንበር አንድ ነገር ልበል። የቴክሳስ 18ኛ የምርጫ ክልል ይባላል። ዴሞክራቶች እጅግ የሚበዙበት ነው። እንዲህ ባለው ክልል ዋናው ፍልሚያ በዴሞክራቶች መካከል የሚደረገው የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ነው። እሱን ያለፈ ሰው የኅዳሩን ምርጫ አይፈራም። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ ብዙዎቹ ገና ከመመረጣቸው ለሚቀጥለው ምርጫ ገንዘብ ፍለጋ ይሮጣሉ። ወንበሩ የማያሰጋው ሰው ግን ድምፅ የማያስገኝ ጉዳይ ለመያዝ ጊዜ አለው። የረሃብተኛ ጉዳይ ደግሞ ድምፅ አያስገኝም። የሱዳን ስደተኛ ሂውስተን ውስጥ አይመርጥም።

አሁን ወደ ኮሚቴዎቹ እንሂድ። የምክር ቤቱ እውነተኛ ሥራ የሚሠራው በትልቁ አዳራሽ ሳይሆን በኮሚቴዎች ውስጥ ነው። ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ፦ የግብርና፣ የውጭ ጉዳይ፣ የበጀት ድልድል፣ ሌሎችም። ሕግ የሚረቀቀው እነሱ ዘንድ ነው። አንድ ኮሚቴ «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው» ካለ ሌላው አይነካበትም።

ረሃብስ የማን ነው? ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ወደ ውጭ የሚላከው የምግብ ዕርዳታ ግማሹ የግብርና፣ ግማሹ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ነው። አገር ውስጥ ለድሆች የሚሰጠው ፉድ ስታምፕ የሚባለው የምግብ መግዣ ኩፖን የግብርና ነው። የተማሪዎች ምሳ ደግሞ የትምህርትና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ። ገንዘቡን የሚመድበው ሌላ ነው። እያንዳንዱ የረሃብን አንድ ቁራጭ ይይዛል፣ ሙሉውን የሚያይ ግን የለም። የግብርና ኮሚቴ ዋና ሐሳቡ ገበሬው ነው፣ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ዋና ሐሳቡ ወዳጅና ጠላት ነው። የተራበው ሰው የማንም ዋና ሐሳብ አይደለም። ባለቤት የሌለው ሥራ ደግሞ ማንም አይሠራውም።

ሌላንድ ከኒውዮርኩ ሪፐብሊካን ከቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆኖ ለዚህ ባለቤት የሚሆን ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም ጠየቀ። ሌላንድ ዴሞክራት ነው። ከተቃራኒው ፓርቲ ሰው ጋር መያያዙ ነገሩን ከፓርቲ ጭቅጭቅ አወጣው። በ1984 መጀመሪያ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሌላንድም ሊቀ መንበር ሆነ። ወሩን ልብ በሉ። የኮረም ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ያስደነገጠው በጥቅምት 1984 ነው። ኮሚቴው ከዚያ በፊት ወራት ቀድሞ ቆሟል። ሌላንድን ያነሳሳው ቴሌቪዥን አይደለም።

ልዩ ኮሚቴ ግን ጥርስ የለውም። ሕግ አያረቅቅም፣ ገንዘብ አይመድብም። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ምክር ቤቱ በየሁለት ዓመቱ ካላደሰው ይከስማል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል። ባለሥልጣን፣ ሐኪም፣ የዕርዳታ ሠራተኛ፣ የተራበ ሰው ሳይቀር ጠርቶ በይፋ ያናግራል። የሰማውን ጽፎ ያወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሄዳል።

የሌላንድ ብልሃት ያለው መሄዱ ላይ ነው። የምክር ቤት አባላትን አሰባስቦ ረሃብ ወዳለበት ቦታ ይወስዳቸዋል። በ1984 መጨረሻ ገደማ የልዑካን ቡድን ይዞ ወደ አፍሪካ ቀንድ መጣ። እነዚያ አብረውት የመጡት ሰዎች በቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ ወንበር አላቸው። የሌላንድ ኮሚቴ የማይችለውን እነሱ ይችላሉ። በወረቀት የተጻፈ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በዓይኑ ያየ ሰው ግን ተመልሶ ኮሚቴው ውስጥ «እኔ እዚያ ነበርኩ» ይላል። እንዲህ እያለ ነው ሕግ ማውጣት የማይችል ኮሚቴ ሕግ ያስወጣው።

በዚያ ጉዞ ያየውን አንድ ነገር ሌላንድ እስኪሞት ድረስ ይናገረው ነበር። በአንድ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። አንዲት አጥንቷ የወጣ ልጅ ተኝታለች። ስለ እሷ ለመጠየቅ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ጠይቆ ፊቱን ሲመልስ ልጅቷ ሞታለች። ጥያቄ ጠይቆ መልስ እስኪሰማ ያለው ጊዜ ምን ያህል ነው? አንድ ደቂቃ አይሞላም። ፊቷ በየቀኑ እንደሚመጣበት ይናገር ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሥራዎቹን ሁሉ በዚያች ልጅ በኩል ነው የማያቸው።

በ1985 የአሜሪካ ምክር ቤት ለአፍሪካ ረሃብተኞች ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕርዳታ ፈቀደ። ይህን ሌላንድ ብቻውን አመጣው ማለት ትክክል አይሆንም። የቴሌቪዥኑ ምስል፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግፊት፣ የሕዝቡ መዋጮ ሁሉም ገፍተዋል። ግን የሕዝብ ርኅራኄ ወደ በጀት የሚለወጠው ምክር ቤት ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሲሆን ደግሞ የባሰ ከባድ ነበር። ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ነው። አሜሪካ ከ1980 ጀምሮ አዲስ አበባ አምባሳደር አልነበራትም። ደርግ በበኩሉ በመስከረም 1977 (በእኛ አቆጣጠር) የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር የወሎና የትግራይ ሕዝብ እየረገፈ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ «የምንልከው እህል ሠራዊት ይቀልባል» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፣ ፍርሃታቸውም ከባዶ የተነሳ አይደለም። ሬገን ራሳቸው በመጨረሻ «የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም» የሚለውን አቋም ያዙ። ሌላንድ ግን ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እህሉን ለተራበው የሚያደርስ ከሆነ ከማንም መንግሥት ጋር ተቀምጦ መነጋገር አለብን ይላል። ኩባ ሄዶ ካስትሮን አግኝቷል፣ ከደርግ ሹማምንትም ጋር ተነጋግሯል። በዚህ ተወቅሷል። እኔ ወቀሳውንም አቋሙንም እረዳለሁ። ግን ያኔ ኮረም ላይ ተኝቶ ለነበረው ሰው የትኛው ይሻለው እንደነበር አያጠራጥርም።

ረሃብን ደግሞ የአፍሪካ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አላየውም። ኮሚቴው አሜሪካ ውስጥ ያለውንም ረሃብ ይመረምር ነበር፦ የሕፃናትን ሞት፣ የድሃ እናቶችን ምግብ፣ ቤት አልባዎችን። በማርች 1987 ቤት ለሌላቸው ሰዎች ትኩረት ለመሳብ ከተወሰኑ የምክር ቤት አባላት ጋር ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ሌሊቱን አደረ። ቤት አልባዎቹ ብርድ ሲበረታ የሚተኙት ከመሬት ሥር የእንፋሎት ሙቀት በሚወጣበት የብረት ፍርግርግ ላይ ነው። ዘመቻው ስሙን ያገኘውም ከዚያ ፍርግርግ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የፌዴራል መንግሥቱ ለቤት አልባዎች ዕርዳታ የሚሰጥበት ትልቅ ሕግ ወጣ።

ሌላም ሥራ ነበረው፤ በአጭሩ ልለፈው። በ1985 እና 1986 የጥቁር ምክር ቤት አባላት ስብስብ መሪ ነበር። የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ የሚቀጣው የማዕቀብ ሕግ በሬገን ውድቅ ከተደረገ በኋላ በሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ የጸደቀው በዚያ ጊዜ ነው። ከምርጫ ክልሉ ወጣቶችን በየክረምቱ ወደ እስራኤል ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) የሚልክ ፕሮግራምም ጀምሯል። ስፓኒሽ ይናገር ነበር፣ ለሜክሲኮ ተወላጆች የመምረጥ መብትም በዚያው ቋንቋ ተሟግቷል።

ወደ ነሐሴ 1 እንመለስ። ሌላንድ ኢትዮጵያ ሲመጣ ለስድስተኛ ጊዜው ነበር። ፑኝዶ የሚሄደው የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞችን ለማየት ነው። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ ልጆች ናቸው። 1989 ነው፤ የ77ቱ ረሃብ ከዜና ወጥቷል፣ ካሜራው ሄዷል። እሱ ግን ይመጣል። ካሜራ ሲሄድ መምጣት ለፖለቲከኛ ምንም ጥቅም የለውም።

አውሮፕላኗ ስትጠፋ የተጀመረው ፍለጋ ስድስት ቀን ወሰደ። የግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገና ሦስት ወሩ ነው፣ አገሩ በስጋት ተወጥሯል። በዚያ ላይ አሜሪካና ደርግ አይዋደዱም። ሆኖም የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ዝናቡና ደመናው ሥራውን አከበደው። ነሐሴ 7፣ እሑድ፣ ስብርባሪዋ በምዕራብ ኢትዮጵያ አንድ ተራራ ላይ ተገኘ። ከ16ቱ በሕይወት የተረፈ አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ ስለዚህ አደጋ ሲጻፍ የሌላንድ ስም ይቀድማል፣ ይገባዋልም። እኛ ግን ሰባቱንም ማሰብ አለብን። የኢትዮጵያ አውሮፕላን ናት የወደቀችው። ያቺን ክረምት፣ በዚያ ደመና ውስጥ፣ ለስደተኛ ጉዳይ ወጥተው ያልተመለሱ ሰባት ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ነበራቸው።

ሌላንድ ሲሞት ባለቤቱ አሊሰን ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራቸው። በጥር 1990 መንታ ወንዶች ወለደች። ለአንዱ ሚኪ፣ ለሌላው ጆርጅ የሚል ስም በመካከል አስገባችላቸው። የአባታቸው ስም ለሁለት ተከፈለ።

ወንበሩን ያ በ1972 አብሮት የተመረጠው ክሬግ ዋሽንግተን ወሰደ። ከእሱ ቀጥሎ ሺላ ጃክሰን ሊ በ1995 ገብታ እስከ 2024 ሞቷ ድረስ ያዘችው። ሂውስተን ውስጥ ያለው የፌዴራል ሕንፃ በስሙ ይጠራል። በቡሽ ኢንተርኮንቲኔንታል አየር ማረፊያ ያለው የዓለም አቀፍ በረራዎች ተርሚናልም እንዲሁ። 

ኮሚቴውስ? ከሌላንድ በኋላ የኦሃዮው ቶኒ ሆል መራው። በ1993 ምክር ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ልዩ ኮሚቴዎቹን ሳያድሳቸው ቀረ፣ የረሃቡም ኮሚቴ አብሮ ተዘጋ። ያልኳችሁ የሁለት ዓመት ዕድሜ ማለት ይህ ነው። ቶኒ ሆል ተቃውሞውን የገለጸው በጾም ነው። ውኃ ብቻ እየጠጣ 22 ቀን ጾመ። ኮሚቴው አልተመለሰም። ሆኖም በዚያው ዓመት ከምክር ቤቱ ውጭ የረሃብ ጉዳይ ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ ወጣቶችን እያሠለጠነ ረሃብ ወዳለባቸው አገሮች ለሥራ ይልካል። እነዚያ ወጣቶች የሚጠሩት በሚኪ ሌላንድ ስም ነው።